ከአምስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ስም በኋላ

ማሽን ለሰው አያዳላም ይባላል። ያዳላል። አሰላ ላይ አብሬው የሠራሁት ኮምፒዩተር ለባላባት ያደላ ነበር። ጭሰኛውን ከዝርዝር አውጥቶ በቦታው ባላባቱን ለሁለተኛ ጊዜ ይጽፍ ነበር፤ ይህን የሚያደርገው በየትኛው ትእዛዝና በየትኛዋ ቢት፣ ማለት በየትኛዋ የአኃዝ ቦታ ላይ እንደሆነም በጣቴ ነክቼ ማሳየት እችል ነበር። አድልዎ የሰው ብቻ ጠባይ ነው የሚሉ ሰዎች ወይ ማሽን ከፍተው አያውቁም፣ ወይ ስማቸው ሁልጊዜ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሚጻፍ ነው።

ነገሩ የሆነው አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ክረምት ሲቀረው ነው። አሰላ ውስጥ ለገበሬዎች ምርጥ የስንዴ ዘር የሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ገንዘቡንና ማሽኑን ፈረንጆች አመጡ፤ ሹማምንቱንና ማኅተሙን እኛ አዋጣን። እኔ ከተማው ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከአሥር ይልቅ በስምንት እየቆጠረ መደመር የሚችል ሰው ይፈለጋል ሲባል፣ እንዲህ ያለ እብድ ሥራ ከእኔ በቀር ለማን ይሆናል ብዬ ተቀጠርኩ። ማሽኑን የሚመራው ፈረንጅ ስድስት ወር አስተማረኝና ግንቦት ሲገባ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሄደ። የአርሲን ክረምት አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ሁለተኛ ለማየት አልጓጓም።

የቀረነው እኔና ታይፒስቷ ነበርን። ቅድመ አያቷ ከሸዋ ዘምቶ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ የእሷ ኦሮምኛ ግን ከአማርኛዋ የፈጠነ ነበር፤ ምላሷ ከሁለቱም ይፈጥናል። ሥራዋ የገበሬዎቹን ስም በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ በቀዳዳ መምታት ነበር። ማሽኑ ጥቅሉን አንብቦ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰውን ዘር አስልቶ፣ ስሙን ከነጆንያው ብዛት ያትማል። የዘር መጋዘኑ ጠባቂ ያንን የታተመ ዝርዝር ይዞ ያድላል።

ስሞቹ በምን ተራ ይጻፉ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ገና መጀመሪያ ላይ ነው። ታይፒስቷ የክፍላችንን ሹም ጠየቀችው።

"በፊደል ተራ ላድርገው?"

"በፊደል ተራ?" አለ ሹሙ። "ባላባቱ ከገዛ ጭሰኛው በታች ሊጻፍ? አንቺ ለቅሶ ቤት ሰው በፊደል ተራ ሲቀመጥ አይተሻል?"

"ለቅሶ ቤት ስንዴ አይታደልም፣ ጌታዬ።"

"በማዕረግ ጻፊ።"

በማዕረግ ተጻፈ። አናት ላይ ባላባቱ፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለርስቶቹ፣ ከዚያ በኮንትራት የሚያርሱት፣ ከዚያ የቆዩት ጭሰኞች፣ ከታች ደግሞ ዘንድሮ የተመዘገቡት አዲሶቹ ጭሰኞች። ማንም አልተቃወመም። እኔም ጭምር፤ ያን ጊዜ ሁሉን ነገር የምቃወም ነበርኩ፤ ይህን ግን አላየሁትም። ዓይን የለመደውን አያይም።

በዚያው ዓመት የሳጉሬ ወረዳ ዝርዝር ረዘመና ማሽኑ አልበቃው አለ። ሜሞሪ የሚባለው፣ ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ሳጥን፣ ሞላ። ፈረንጁ ሁለተኛ ሳጥን አስመጥቶ ከፊተኛው ጎን በቡሎን አሰረውና ሜሞሪው እጥፍ ሆነ። በሌላዋ ወረዳ በዴራ አጭር ዝርዝር ሞከረው፤ ሠራ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ አውሮፕላኑን ለመያዝ ሄደ።

የሳጉሬ መጋዘን ጠባቂ ሐጂ ነበሩ። እውነተኛ ሐጂ ናቸው፤ መካን ረግጠው የመጡ። ከስንዴ ከረጢት ይልቅ የሚታወቁት በአደራ ነበር። ሳጉሬ ውስጥ ራቅ ወዳለ አገር የሚሄድ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ የቤቱን ቁልፍ የሚተወው እሳቸው ዘንድ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውም ለዚሁ ነው፤ ሌላ ዋስ አልጠየቃቸውም።

ዘር በሚታደልበት ቀን ዝርዝሩን ይዤ ላንድሮቨር ላይ ወጥቼ ሳጉሬ ወረድኩ። ሰልፉም እንደ ዝርዝሩ በማዕረግ ነበር። ባለርስቶቹ የላኳቸው ሰዎች ከነጋማ ከብታቸው ፊት፣ ጭሰኞቹ በአጥሩ ጥግ ከኋላ። ከቀትር በፊት ሐጂ ጠሩኝ።

"ያ ኢልማ ኮ፣" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "እኚህን ሰውዬ ጧት መጀመሪያ ላይ ሰጥቻቸዋለሁ። አሁን እንደገና እዚህ ቁጭ ብለዋል። ቀጥሎ ያሉትም ጧት የወሰዱት ናቸው።"

ጣታቸው ያረፈው አምስት መቶ አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

"ሁለት ቦታ መሬት ይኖራቸዋላ፣ ሐጂ።"

"ሁሉም? በአንድ ዓመት? በዚሁ ቅደም ተከተል?"

"ማሽኑ ያለው ነው" አልኳቸው። "ማሽን አይሳሳትም፤ ለሰውም አያዳላም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ያንን አባባል በቁጣ የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ከማንም አልሰማሁትም፤ ከገዛ አፌ ነው የወጣው። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ተመልሰው እንደተጻፈው ሰጡ። ባለርስቶቹ የላኳቸው ሰዎች ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አልተደነቁም። ለጌታ ሁለት ጊዜ መስጠት የሚያስደንቀው ማን አለ?

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ባዶ ሆነ፤ ከአጥሩ ጥግ ያሉት ገና አልተጠሩም። አንድ ቁመተ ረጅም ጭሰኛ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ማንበብ አይችልም፤ ግን ዝርዝሩ ላይ እጁን ዘርግቶ አስቀመጠ።

"ማቃን ኮ ኤሳ ጅራ?" አለ። ስሜ የት አለ?

የለም። የእሱም፣ ከኋላው የቆሙትም፣ ዘንድሮ የተመዘገቡት በሙሉ አልነበሩም። ዝርዝሩ ሰባት መቶ አርባ መስመር ነበረው፤ መሆን እንዳለበት ሰባት መቶ አርባ። ከአምስት መቶ አሥራ ሦስት ጀምሮ ግን ያሉት ከአንድ ጀምሮ የተጻፉት ጌቶች ናቸው።

ጭሰኞቹ በማግስቱ አሰላ ድረስ በእግራቸው መጡ። ሹሙ ሰማቸውና ወዲያው መፍትሔ አገኘ። ሐጂ ከባለርስቶቹ ጋር ተመሳጥረው የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀይረዋል አለ። ቁልፉ ተወሰደባቸው። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የሚቀመጥ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጥፋተኛ ካላቸው ከሥራ ተሰናብተው ለፖሊስ ይሰጣሉ። ሐጂ ስለ ሥራው ብዙም አልተናገሩም። ታይፒስቷ በገበያ ቀን ሳጉሬ ደርሳ ስትመለስ ያየችውን ነገረችኝ።

"ሰው አደራውን እየወሰደ ነው" አለች። "ማንም ክፉ ቃል አይናገርም። 'ሐጂ፣ ያቺን ቁልፍ ፈልጌያት ነበር' ይላሉ። እሳቸውም ከግድግዳው አውርደው ይሰጣሉ። ግማሹ ምስማር ባዶውን ቀርቷል።"

ያን ቀን ነው የወሰንኩት። ስሕተቱን ሳላገኝ ኮሚቴው አይቀመጥም። ከተቀመጠም እኔ እዚያ እገኛለሁ፤ ባዶ እጄን ግን አልገባም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሞኝ የሚያደርገውን ነው። የዴራን ዝርዝር አተምኩ፤ ልክ ነው። የጎበሳን አተምኩ፤ ልክ ነው። ሹሙ ከበሩ ላይ ቆሞ "አየህ?" አለና ሄደ። የሳጉሬን ስደግመው ያው ስሕተት ወጣ፤ ሹሙ ግን ለዚህም መልስ አላጣም። ጥቅሉ ራሱ እንደዚያ ተመትቶ ይሆናላ፣ ማለትም ጥፋተኛዋ ታይፒስቷ ልትሆን ነው። ታይፒስቷ ጥቅሉን ወስዳ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችና ከቀዳዳዎቹ በዓይኗ ስም ማንበብ ጀመረች። ይህን የሚችል ሌላ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። የረጅሙ ጭሰኛ ስም ከነአባቱ ጥቅሉ ላይ አለ። የሌሎቹም አለ።

"እኔ መትቼዋለሁ፣ ማሽንህ ነው የበላው" አለች። "ደግሞ ሁልጊዜ የሚበላው ከአንድ ቦታ ጀምሮ ነው። ከአምስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ስም በኋላ።"

ቁጥሩን ሐጂ ጣታቸውን ያሳረፉ ቀን ዐይቼው ነበር፤ አልሰማሁትም ነበር። አምስት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለትን በራሷ እያባዛህ ስትሄድ ዘጠነኛው ላይ የምታገኛት ቁጥር። ለሰው ምኑም አይደለችም፤ ለማሽን ግን መቶ ለእኛ እንደሆነው ሙሉ ቁጥር ናት። በአርሲ ምድር ሌባ አልጠፋም፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ድረስ በጨዋነት ቆጥሮ ከዚያ በኋላ የሚሰርቅ ሌባ ግን አልተወለደም።

"መቀስ አለሽ?" አልኳት።

ነገሩ ገባት። ጥቅሉን ቆርጣ፣ አናት ላይ ያሉትን ጌቶች ከጭሰኞቹ በኋላ መጨረሻው ላይ በማጣበቂያ ቀጠለቻቸው። "እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ባላባቱን ከጭራ አስቀመጥኩት" አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ንስሐ አልነበረም። አተምነው። ረጅሙ ጭሰኛ አለ። ባልንጀሮቹ ሁሉ አሉ። ከአምስት መቶ አሥራ ሦስት ጀምሮ ግን ባላባቱ የለም፤ ባለርስቶቹ የሉም። በእነሱ ቦታ ከአናት ያሉት ተራ ሰዎች ሁለተኛ ተጽፈዋል።

ወረቀቱን ለሹሙ ወሰድኩለት። ከላይ ወደ ታች አነበበ፤ ከታች ወደ ላይ አነበበ።

"አማቴስ?" አለ።

"የሉም፣ ጌታዬ።"

"እንዴት አይኖሩም? ይሄ ማሽን ተበላሽቷል!"

በመጀመሪያው ዝርዝር ከሁለት መቶ በላይ ጭሰኛ ሲጠፋ ያልተበላሸ ማሽን፣ አንድ ባለርስት አማት ሲጠፋ ተበላሸ። እንግዲያው ሐጂ ነጻ ናቸው ስለው ግን ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

"ዛሬ ተበላሽቷል። ያን ዕለት ተበላሽቶ እንደነበር በምን ታውቃለህ? ፈረንጁ እስኪመለስ ዝጋው። ኮሚቴው የሚያጣራው የሰው ጉዳይ ነው።"

ልበ ደረቅ ነበር፤ ጅል ግን አልነበረም። ጥያቄው ትክክል ነው። ማሽኑ ሲሳሳት ማሳየት አይበቃም፤ ስሕተቱ ፈረንጁ ከመሄዱ በፊት የተጻፈ፣ በወረቀት ላይ ያለ፣ የማንም እጅ ያልነካው መሆኑን ማሳየት አለብኝ። ያ ወረቀት ነበር፤ የተቆጣጣሪው ፕሮግራም ጽሑፍ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ፣ ከፈረንጁ ቁም ሳጥን ውስጥ። ተቆጣጣሪው ዛሬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነው። ሥራው የእልፍኝ አስከልካይ ሥራ ነው፤ ለመጣው ሁሉ በሜሞሪው ውስጥ መቀመጫ ይሰጣል፣ በኋላም ማን የት እንደተቀመጠ ይናገራል።

ቀኑን በሦስት ከፈልኩት። ጧት አነባለሁ፤ ከቀትር በኋላ መብራት ሲኖር እሞክራለሁ፤ ሲጠፋ፣ ያውም ዝናቡ ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ በየቀኑ ይጠፋል፣ በእርሳስ እያሰላሁ እቀጥላለሁ። ፈረንጁ በጽሑፉ ጠርዝ ላይ በገዛ ቋንቋው ማስታወሻ ጽፏል፤ አንዱንም አላውቀው። እንዲያውም ሳይሻል አልቀረም። ሰው ሠራሁ ብሎ ያሰበውን ሳይሆን የሠራውን እንዳነብ ተገደድኩ። ታይፒስቷ መስመሩን ትጠራለች፤ እኔ እንደ ማሽኑ ሆኜ እፈጽማለሁ። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በከንቱ አጠፋነው፤ ስሞቹ ሲገቡ ይጠፋሉ ብዬ የማስገቢያውን ክፍል ነበር የማነበው። ሲገቡ ልክ ናቸው። እያንዳንዱ ጭሰኛ በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ በቦታው በደኅና ተቀምጧል።

በሦስተኛው ቀን ስሞቹን መልሶ የሚያወጣውን ክፍል ጀመርን። ተቆጣጣሪው ሜሞሪውን በክፍል ከፋፍሎታል፤ አንዱ ክፍል ስምንት ስም ይይዛል፣ አንዱ ስም ስልሳ አራት የሜሞሪ ቦታ ይወስዳል፤ ክፍሎቹ ከዜሮ ጀምረው ይቆጠራሉ። የክፍሉን ቁጥር ይዞ አድራሻውን ለማግኘት ቁጥሩን ወደ ግራ ዘጠኝ ቦታ ይገፋዋል፤ ይህ በሁለት ዘጠኝ ጊዜ እንደማባዛት ነው። ክፍል ቁጥር አንድን ገፋሁ፤ ልክ። ስልሳ ሦስትን ገፋሁ፤ ልክ። እዚህ ላይ የፊተኛው ሳጥን አለቀ፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ስም ሞላ። ስልሳ አራትን ገፋሁ።

"ስንት መጣ?" አለች።

"ዜሮ።"

"ዜሮ ላይ ማን ነው ያለው?"

"ባላባቱ።"

ከዚያ ስልሳ አምስትን ገፋሁ፤ አንድ ቁጥር ክፍል ላይ ወደቀ። ስልሳ ስድስትን፤ ሁለት ላይ። ጭሰኞቹን ፍለጋ የተላከው እልፍኝ አስከልካይ ሁልጊዜ ዞሮ የሚደርሰው ጌቶቹ ጋ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት የማሽኑን መጽሐፍ አወጣሁ። ገፊ ትእዛዝ ሁለት ዓይነት ነው። ቁጥር አሥራ ስድስት ቦታ አለው፤ በግራ ጫፍ ያለችው ቦታ የመቀነስ ምልክት መቀመጫ ናት። አንደኛው ትእዛዝ ለሒሳብ የተሠራ ነው፤ ሙሉ ቁጥሮችን ሲገፋ ያቺን ቦታ ያከብራል፣ አይነካትም፤ ወደ እሷ የተገፋውን አኃዝ አውጥቶ ይጥላል። ሁለተኛው ክብር አያውቅም፤ አሥራ ስድስቱንም እኩል ይገፋል። ፈረንጁ ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ ሳጥን ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ እስከዚያች ቦታ የሚገፋ ቁጥር ስላልነበረ፣ የሒሳቡን ትእዛዝ ቢጽፍ ችግር አልነበረውም። ሁለተኛውን ሳጥን ሲያስር ቡሎኑን አጠበቀ፤ ትእዛዙን አላየውም። የማስገቢያው ክፍል ደግሞ በአጋጣሚ በሁለተኛው ትእዛዝ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ ሲገቡ የሚገባቸውን መቀመጫ አገኙ፤ ሲጠሩ ግን ሌላ ሰው ተነሣላቸው።

እርማቱ አንዲት ቃል ነበረች። በማሽኑ ፊት ያሉትን አሥራ ስድስት ማብሪያዎች አንዳንዱን ወደ ላይ፣ አንዳንዱን ወደ ታች አደረግሁ፤ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ታይፒስቷ የቆረጠችውን ጥቅል ወደ ፊተኛው ተራው መልሳ ቀጥላ፣ ባላባቱ አናት ላይ እንዳለ፣ አስገባችው። ሰባት መቶ አርባ ሰው ወጣ፤ አንዱም ሁለት ጊዜ አልተጻፈም። የረጅሙ ጭሰኛ ስም ላይ ስትደርስ በእርሳስ አሰመረችበት።

ኮሚቴው ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀር ሳጉሬ ሄድኩ። ሐጂ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አሥራ ስድስት ቦታ ስላለው አግዳሚ ነገርኳቸው፤ ጫፍ ላይ ስላለችው ስለማትነካው መቀመጫ፤ ሰው ጠጋ ጠጋ በሉ ሲባል እዚያ የደረሰው እንዴት እንደሚጣል።

"ያቺ ወንበር ለማን ነው የተያዘችው?" አሉ።

"ለመቀነስ ምልክት።"

"ለአድራሻ መቀነስ አለው? ከዜሮ በታች የሆነ ቤት አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ያ እንግዳ አይመጣም።"

"አይመጣም፣ ሐጂ።"

"ለማይመጣ እንግዳ ወንበር ይዛችሁ የመጣውን አስወጣችሁ።" ጢማቸውን ዳሰሱ። "ይሄን ለመሥራት ፈረንጅ ማምጣት አያስፈልግም ነበር። እኛው ስንሠራው ኖረናል።"

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። "አንተስ ኮሚቴው ፊት ምን ትላለህ?"

"ስሕተቱን አሳያለሁ።"

"እሱን አይደለም። ያን ቀን 'ማሽኑ ያለው ነው' ያልከኝን።"

እሱንም እናገራለሁ አልኳቸው።

ተናገርኩ። ሦስቱን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ፈረንጁ ከመሄዱ በፊት በቀለም ከፈረመበት ገጽ ጋር ገለጥኩ፤ ትእዛዟን በጣቴ ነካሁ። ሐጂ ሁለት ጊዜ የተጻፈውን አይተው እንደጠየቁኝ፣ ስጡ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ አመንኩ። ከኮሚቴው አንዱ አባል፣ ራሱም ባለርስት የሆነ፣ "ታዲያ ሁለተኛውን የወሰዱት ሰዎች ምን አጠፉ?" ብሎ ጠየቀ። ታይፒስቷ ቃለ ጉባኤ ትጽፍ ስለነበር መናገር አልተፈቀደላትም፤ ግን እርሳሷ ሲሰበር ሁላችንም ሰማን።

ለጭሰኞቹ የደረሰው ግማሽ ነው። ሁለት ጊዜ ከወሰዱት መካከል አንዲት ባለርስት ሴትዮ ብቻ ሁለተኛውን በአህያ ጭነው መለሱ፤ ሌሎቹ ማሽን የሰጠንን ማን ይነጥቀናል አሉ። ለሙከራ ማሳ የተቀመጠ ዘር ነበር፤ በእኔና በታይፒስቷ ጭቅጭቅ እሱ ወጣ። በአዲሱ ዝርዝር መሠረት፣ ረጅሙ ጭሰኛ በራሱ ተራ ተጠርቶ ጆንያውን ተሸከመ። ዘግይቶ ነው የዘራው፤ የተረፈው ምርት ግን ብዙ እንዳልከፋ በኋላ ነገረኝ።

የኮሚቴው ውሳኔ ደግሞ አንድ አረፍተ ነገር ነበር። ሹሙ አነበበው፤ በሐጂ ላይ የቀረበው ክስ በማስረጃ እጦት ተነሥቷል፤ ቁልፉ ይመለስላቸው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሳቸው ገፋው። ሐጂ አልነኩትም።

"ማስረጃ ቢገኝ ሌባ ነኝ ማለት ነው?"

"ሐጂ፣ ነጻ ወጥተዋል። ይውሰዱ እንጂ፤ ያው አይደለም እንዴ?"

"ያው ከሆነ ይቀይሩታ። ስሕተቱ የማሽኑ ነው፣ ሰውየው አልሰረቀም ብለው ይጻፉ።"

"የመሥሪያ ቤቱን ማሽን ተሳሳተ ብዬ በፊርማዬ አልጽፍም። ለበላይ ምን እላለሁ?"

ሐጂ ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ ቁልፉን እዚያው ትተው ወጡ። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ሐጂ ሳጉሬ ገበያ ውስጥ እህል ይመዝኑ ነበር፤ አደራቸውን ከወሰዱት ጥቂቶቹ መልሰው አመጡ፤ ጥቂቶቹ እያፈሩ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመሩ። እኔ ሹሙ ዘንድ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አንዲት ሐረግ ትቀየር ብዬ። በአራተኛው ከቢሮው አስወጣኝ። ማሽኑን ያረምኩት አሥራ ስድስት ማብሪያ ነክቼ ነው፤ ሹሙ ግን ማብሪያ አልነበረውም። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ መሬቱም ሹሙም ተለወጡ፤ ወረቀቱን የለወጠው ግን የለም። ሐጂ እስኪያርፉ ድረስ ሳገኛቸው ሰላምታ ከመለዋወጣችን በፊት "ጻፉት?" ይሉኝ ነበር።

አልጻፉትም። መሥሪያ ቤት ወረቀት አይጥልም፤ አቧራ ያለብሰዋል እንጂ፤ ስለዚህ ያ ቃለ ጉባኤ አሰላ ውስጥ በሆነ መደርደሪያ ላይ ዛሬም አለ። አንተ አንባቢ፣ እዚያ የምትሠራ ከሆነ፣ ወይም የሚሠራ ዘመድ ካለህ፣ ሂድና ፋይሉን አውጣው። "በማስረጃ እጦት" የሚለውን በቀይ ቀለም ሰርዝ፤ ከላዩ "አልሰረቁም" ብለህ ጻፍ፤ ፈርምበት። ፈቃድ አትጠይቅ።